ሌዣንቲል ቬነስን አይቷታል፤ ያጣው ሰዓቱን ነው

ስለ ፈረንሳዊው የፈለክ ተመራማሪ ጊዮም ሌዣንቲል የሚተርክ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው አይተናል። ይዘቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰውዬው ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ሁለት ጊዜ ባሕር ተሻገረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳያያት ቀረ፤ በመካከሉ ስምንት ዓመት ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ፤ አገሩ ሲገባ ሞቷል ተብሎ ንብረቱ ሲከፋፈል፣ ሚስቱም ሌላ ባል አግብታ አገኛት። ጽሑፉ ሲነበብ ይጥማል። «በታሪክ እጅግ እድለ ቢሱ ሰው» የሚለውን ማዕረግ ልንነጥቀው አልመጣንም። ነገር ግን ጽሑፉ እድል ላይ ከጫነው ውስጥ አንዱ የሰዓትና የኬንትሮስ (በምሥራቅና በምዕራብ አቅጣጫ ያለህበትን ቦታ የሚነግር ልክ) ጉዳይ ነው፣ አንዱ የጦርነት ነው፣ አንዱ ደግሞ ከናካቴው አልሆነም። ነጥብ በነጥብ እንመልሳለን። ስለ ጉዞው የምንጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጽሑፉ የሚጀምረው «በግል አባዜ ተነሣስቶ ብቻውን የዘመተ» በሚል ነው። ይህ አይደለም። ሌዣንቲል የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አባል ነበር፤ የሄደውም የአካዳሚው ተልእኮ ይዞ ነው። በትራንዚቱ የፀሐይን ርቀት የመለካቱን እቅድ የነደፈው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ በ1716 ባወጣው ጽሑፍ ሲሆን፣ ለ1761 የትኛው ቦታ ምን እንደሚያሳይ በዓለም ካርታ ላይ አስልቶ ያከፋፈለው ደግሞ ፈረንሳዊው ጆሴፍ ዴሊል ነበር። በኬፕለር ሕግ የፕላኔቶች ርቀት እርስ በርስ ያለው ንጽጽር ታውቋል፤ ቬነስ ከፀሐይ ያላት ርቀት የምድር 72 በመቶ ያህል መሆኑን ማንም ያውቅ ነበር። ያልታወቀው ይህ ንጽጽር በኪሎ ሜትር ስንት እንደሚሆን ነው። ካርታው ተሥሏል፣ መስፈርቱ አልተጻፈበትም እንደማለት ነው። ቬነስ በምድርና በፀሐይ መካከል ገብታ እንደ ጥቁር ነጥብ የፀሐይን ፊት ስታቋርጥ፣ ማለትም ትራንዚት ሲሆን፣ ከተራራቁ ሁለት ቦታዎች የተለያየ መስመር ይዛ ስትሄድ ትታያለች። የዚያ ልዩነት ነው መስፈርቱን የሚሰጠው። ክስተቱ በስምንት ዓመት ልዩነት ጥንድ ሆኖ ይመጣና ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ይጠፋል። ከ1639 በኋላ የመጣው የ1761 ነው። በዚያ ዓመት ከመቶ የሚበልጡ ታዛቢዎች በየአቅጣጫው ተሰማርተው ነበር፤ ሌዣንቲል ከእነሱ አንዱ ነው።

ወደ ዋናው ስህተት እንግባ። «በ1761 ሳያየው አመለጠው» ይላል ጽሑፉ። አይቶታል። ጁን 6 ቀን 1761 ሌዣንቲል ሲልፊድ በተባለች የጦር መርከብ ላይ፣ ከሕንድ በስተደቡብ ባለው ውቅያኖስ፣ ከምድር ወገብ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነበር። ሰማዩ ክፍት ነው። ቬነስ ስትገባም ስትወጣም ፀሐይዋ ከአድማስ ከፍ ብላ ነበር። በቴሌስኮፑ ተመልክቶ ያየውን መዝግቧል። ታዲያ ምዝገባው ለምን ለስሌት አልዋለም? ጽሑፉ ይህን ጥያቄ ስላላነሣው ታሪኩ የእድል ታሪክ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ስሌቱን የሚያስኬዱ ሁለት ዘዴዎች ነበሩ። የዴሊል ዘዴ ቬነስ የገባችበትን ወይም የወጣችበትን አንድ ቅጽበት ብቻ ይጠይቃል፤ ግን ያን ቅጽበት ሌላ አገር ከተመዘገበው ጋር ለማነጻጸር የቆምክበትን ኬንትሮስ በትክክል ማወቅ አለብህ። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ማለት የአራት ደቂቃ የሰዓት ልዩነት ነው። በዚያ ትራንዚት በምድር ጥንፍና ጥንፍ ባሉ ቦታዎች መካከል ሊታይ የሚችለው የመውጫ ጊዜ ልዩነት ራሱ 12 ደቂቃ ገደማ ነው። እንግዲህ ኬንትሮስህን በአንድ ዲግሪ ከሳትክ የምትለካውን ነገር ሲሶውን በስህተት ሸፈንከው። በዚያ ዘመን መርከበኛ ኬንትሮሱን የሚገምተው ገመድ የታሰረበት እንጨት ወደ ባሕር ጥሎ፣ በአሸዋ ሰዓት ውስጥ ስንት ቋጠሮ እንደተተረተረ ቆጥሮ፣ ፍጥነቱን በአቅጣጫና በጊዜ አባዝቶ ነው። ከሳምንታት ጉዞ በኋላ ይህ ግምት በብዙ ዲግሪ ቢስት የሚገርመው ሰው አልነበረም። ባሕር ላይ ኬንትሮስን በሰዓት ለማወቅ የተሠራው የጆን ሃሪሰን አራተኛ ሰዓት የመጀመሪያ የሙከራ ጉዞውን የጀመረው በኖቬምበር 1761 ነው፤ አምስት ወር ዘግይቶ።

እዚህ ላይ ጉዳዩን የሚያውቅ አንባቢ «የሃሌይ ዘዴ እኮ ኬንትሮስ አይፈልግም» ሊል ይችላል። ልክ ነው። ሃሌይ የሚፈልገው ከመግቢያ እስከ መውጫ ያለውን የቆይታ ጊዜ ነው፤ ሌዣንቲልም ሁለቱንም ጫፎች አይቷል። ነገር ግን ያን ስድስት ሰዓት የሚሆን ቆይታ በሰከንዶች ትክክል መለካት የግድ ነው። ሃሌይ ያለመው የፀሐይን ርቀት ከአምስት መቶ አንድ እጅ በማይበልጥ ስህተት ለማግኘት ሲሆን፣ ለዚህ ቅጽበቱን በአንድ ሁለት ሰከንድ ልክ መያዝ ያስፈልጋል። ያን የሚችለው የዘመኑ ሰዓት ባለ ፔንዱለሙ ነው፤ ፔንዱለም ደግሞ በጽኑ ግድግዳ ላይ ካልቆመ አይሠራም። መርከብ ሲንገዋለል ፔንዱለሙ የራሱን ሳይሆን የባሕሩን ምት ይመታል። ለዚህ ነው ታዛቢዎች ሁሉ ከቀኑ ሳምንታት ቀድመው መሬት ላይ ደርሰው ሰዓቱን ከድንጋይ ወይም ከተቀበረ ግንድ ጋር የሚያስሩት፣ ከዚያም በየቀኑ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ ኳድራንት በተባለ የማዕዘን መለኪያ እየለኩ ምን ያህል እንደሚፈጥን ወይም እንደሚዘገይ የሚያጣሩት። ቴሌስኮፑም እንዲሁ ነው። የፀሐይ ስፋት በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ነው፣ ቬነስ ደግሞ የዚያ አንድ ሠላሳኛ ገደማ ናት። የመርከቡ ወለል ግን በእያንዳንዱ ማዕበል ብዙ ዲግሪ ይዘማል። ቬነስ የፀሐይን ጠርዝ የለቀቀችበትን ሰከንድ ከዚያ ላይ ሆኖ ለመያዝ መሞከር እየጋለበ መርፌ እንደሚሰካ ሰው መሆን ነው።

«ነፋሱ ባያዘገየው ኖሮ ፖንዲሼሪ በጊዜው ይደርስ ነበር» የሚለውም አያስኬድም። ፖንዲሼሪ ሌዣንቲል ትራንዚቱን ሊያይባት ያቀናባት፣ በፈረንሳይ እጅ የነበረች የሕንድ ከተማ ናት። ቀኖቹን እንደርድራቸው። ሌዣንቲል ከብሬስት ወደብ የተነሣው ማርች 26 ቀን 1760 ነው። ጁላይ 10 በዛሬዋ ሞሪሸስ፣ ያኔ ኢል ደ ፍራንስ በምትባለው ደሴት ደረሰ። ፈረንሳይና እንግሊዝ በሰባቱ ዓመት ጦርነት ላይ ናቸው፤ ፖንዲሼሪ ተከብባለች፤ ወደዚያ የሚሄድ መርከብ የለም። እሱም በተቅማጥ በሽታ ተይዞ ወራት አለፉ። ሲልፊድ ለሕንድ መልእክት ይዛ ስትነሣ ተሳፈረ፤ ቀኑ ማርች 11 ቀን 1761 ነበር። ፖንዲሼሪ ግን ለእንግሊዞች እጇን የሰጠችው ጃንዋሪ 16 ነው፤ መርከቧ ከመነሣቷ ሁለት ወር ገደማ አስቀድሞ። ወሬው ደሴቲቱ አልደረሰም ነበር። ነፋሱ ቢሰምርለት ኖሮ ያሰበው ቦታ በጊዜ ይደርስና ጠላት ይቀበለው ነበር፣ ሌላ ትርፍ የለውም።

ነፋሱ ራሱ ግን አስገራሚ ታሪክ አለው፤ ጽሑፉ የዘለለውም ለእኛ ቅርብ የሆነውን ክፍል ነው። በማርች የሰሜን ምሥራቁ ሞንሱን (ወቅታዊ ነፋስ) ገና አልሞተም፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰውና ወደ ሕንድ የሚገፋው ደግሞ ገና አልተነሣም። በዚህ ክፍተት መርከቧ ለአምስት ሳምንታት ያህል በሶማሌ ጠረፍና በዓረብ ባሕር ስትንከራተት፣ በሶቆጥራ ደሴቶች መካከልም አልፋለች። በሕንድ ምዕራብ ጠረፍ ማሄ ፊት ለፊት ስትደርስ ሜይ 24 ነው፤ ማሄም ፖንዲሼሪም በእንግሊዝ እጅ መሆናቸውን የሰሙት እዚያ ነበር። አዛዡ ወደ ኢል ደ ፍራንስ መለሳት። ትራንዚቱ ሲሆን በመመለሻው መንገድ ላይ ነበሩ።

«ብልጥ ቢሆን ደሴቲቱ ላይ ይቀመጥ ነበር» የሚል ሐረግም አለ። ይህ በከፊል እውነት ነው። በአቅራቢያዋ ወዳለችው ሮድሪገስ ደሴት ለመሄድ አስቦ እንደነበር ይታወቃል። ነገር ግን ሮድሪገስ ላይ አካዳሚው ሌላ ሰው፣ አሌክሳንድር ፒንግሬን፣ ልኮ ነበር፤ በአንድ አካባቢ ሁለት ታዛቢ ማስቀመጥ ለስሌቱ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ደግሞም ፒንግሬ ሰማዩ በከፊል ተሸፍኖበት ነው ያየው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም የእንግሊዝ መርከቦች ደሴቲቱን ወረሯት።

ስምንቱ ዓመት «ሥራ ፈትቶ» መባሉ ከሁሉ ያሳዘነን ነው። የማዳጋስካርን ምሥራቅ ጠረፍ ካርታ ሠርቷል። የሕንድ ውቅያኖስን ነፋሳትና የባሕር ሞገድ መዝግቧል። ስለ ዕፅዋቱ፣ ስለ እንስሳቱና ስለ ሕዝቡ አኗኗር ጽፏል። ቆይቶ ፖንዲሼሪ ሲገባም የታሚል ሊቃውንት ግርዶሽን እንዴት እንደሚያሰሉ ተምሯል። የቃል ትምህርት ነው፤ ሰንጠረዡ በግጥም ተሸምድዶ፣ ቁጥሩ በዛጎል እየተደረደረ የሚሠራ፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። በዚያ ዘዴ የተሰላው የኦገስት 30 ቀን 1765 የጨረቃ ግርዶሽ ቆይታ በ41 ሰከንድ ሲያጥር፣ በአውሮፓ የተመሰገነው የቶቢያስ ማየር ሰንጠረዥ ደግሞ በ68 ሰከንድ ረዝሞ ተገኘ። ይህን ለአውሮፓ ያሳወቀው ሌዣንቲል ነው። ሥራውን በ1779 እና በ1781 በሁለት ትልልቅ ቅጽ አሳትሞታል። ሥራ ፈት ሰው ይህን አያሳትምም።

አሁን ብዙ የተሳለቁበት ቦታ ላይ ደረስን። ጽሑፉ «ማኒላ ተመቻችቶለት ሳለ በሞኝነት ወደ ፖንዲሼሪ ሄደ፤ ያውም በሞንሱን ወቅት» ይላል። ሌዣንቲል ለ1769 ትራንዚት በስፔን ሥር የነበረችውን የፊሊፒንስ ከተማ ማኒላን የመረጠው ራሱ ነው፤ በኦገስት 1766 እዚያ ደረሰ። የማኒላው ስፔናዊ ገዥ ግን ጠረጠረው። የድጋፍ ደብዳቤዎቹ ከስፔን የመጡበት ጊዜ ስላጠረበት ሐሰተኛ መሰሉት። በዚህ ላይ ከፓሪስ አካዳሚው ፖንዲሼሪን እንደሚመርጥ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ከተማዋ በሰላም ውሉ ለፈረንሳይ ተመልሳለች። በፌብሩዋሪ 1768 ተነሥቶ ማርች 27 ገባ።

ምርጫው ሞኝነት ነበር? በጂኦሜትሪ እንየው። ከፖንዲሼሪ ሲታይ ፀሐይ የምትወጣው ቬነስን ፊቷ ላይ ይዛ ነው፤ ቬነስ ለቅቃ የምትወጣውም ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ነው። በማኒላ ግን መውጫው ረፋድ ላይ ስለሚውል ፀሐይዋ ከፍ ትላለች። ለዕይታ የማኒላው ይመቻል፤ አየሩ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ የማይንቀጠቀጥ ይሆናል። ለስሌት ግን በአድማስ አጠገብ ያለች ፀሐይ ትሻላለች፤ ቬነስ ከትክክለኛ ቦታዋ ፈቀቅ ብላ የምትታየው፣ ማለትም ፓራላክሱ የሚጎላው፣ ያኔ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ሁለቱም ወገን ምክንያት ነበረው።

ስለ ሞንሱኑ ደግሞ ጽሑፉ የሕንድን ምዕራብና ምሥራቅ ጠረፍ አምታትቷል። በጁን የሚመጣው የደቡብ ምዕራብ ሞንሱን ዝናቡን የሚያራግፈው በምዕራብ ተራሮች ላይ ነው። ፖንዲሼሪ ከተራሮቹ ወዲያ በምሥራቁ ጠረፍ ስላለች ዋና ዝናቧ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው። የጁን ጠዋት እዚያ በአብዛኛው ብሩህ ነው፤ ሌዣንቲልም ሜይን ሙሉ ጠዋቶቹ ያማሩ እንደነበሩ ጽፏል። ማኒላ ነበረች በጁን ክረምቷን የምትጀምረው። በእጁ በነበረው መረጃ የተሻለ ሰማይ የሚጠበቀው ከፖንዲሼሪ ነበር።

ዝግጅቱም የሚነቀፍ አልነበረም። በፈረሰው ምሽግ ፍርስራሽ ላይ ታዛቢ ቤት ተሠራለት። የቦታውን ኬንትሮስ አጣራ፤ በ1761 የጎደለውን ማለት ነው። የትናንት ጠላቶቹ እንግሊዞች ከማድራስ ባለ ሦስት ጫማ ጥሩ ቴሌስኮፕ አዋሱት። ጁን 3 ማታ ከገዥው ጋር ጁፒተርን ሲመለከቱ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲነሣ ግን ዳመና ሸፍኖታል። ቬነስ ከዳመናው ጀርባ ወጥታ ሄደች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፀሐይ ብቅ አለች፣ ቀኑንም ሙሉ ስታበራ ዋለች። ማኒላ በዚያን ጠዋት ጥርት ብላ ነበር፤ ሌዣንቲል እዚያ ያሠለጠነው ሰው በደንብ አይቶታል። ከሁለት ሳምንት በላይ ብዕር ለማንሣት እንኳ አቅም እንዳጣ ራሱ ጽፏል። ይህ እድል ነው፤ እዚህ ላይ ከጽሑፉ ጋር እንስማማለን። በዚያ ጠዋት የነበረውን ዳመና ይዞ የሁለት ዓመቱን ውሳኔ ሞኝነት ማለት ግን ካርታው ከተገለጠ በኋላ ቁማርተኛውን መገሠጽ ነው።

ስለ ሚስቱ የተጻፈውን በሁለት ዐረፍተ ነገር እንጨርሰው። ሌዣንቲል ሲሄድ ሚስት አልነበረችውም። ያገባው ከተመለሰ በኋላ ነው፣ አንዲት ሴት ልጅም ወልዷል። እውነተኛው ጣጣ የወራሾቹ ነው፤ ሞቷል ብለው ርስቱን ለመከፋፈል ጀምረው ነበር። ወኪሉ ደግሞ የሰበሰበው ገንዘብ ተሰረቀብኝ አለ፤ ሌዣንቲል ከስሶ ተረታ፣ ኪሳራም ከፈለ። የአካዳሚው ቦታም ለሌላ ተሰጥቶ እሱ በጡረተኛ አባልነት ተመዝግቦ ነበር፣ በኋላ ተመልሶለታል። «አንድም ደብዳቤው ፈረንሳይ አልደረሰም» የሚለው ደግሞ ራሱን በራሱ ያፈርሳል፤ ካልደረሰ አካዳሚው ማኒላ ድረስ መልስ ለማን ጻፈ? ወደ ፈረንሳይ ምድር የገባው በፒሬኔ ተራሮች በኩል ኦክቶበር 8 ቀን 1771 ነው፤ የመጀመሪያው የመመለሻ መርከቡ በማዕበል ተሰባብሮ ወደ ኢል ደ ፍራንስ ከመለሰው በኋላ።

ሌላው «እሱ ባለማየቱ ልኬቱ ከሸፈ» የሚለው ነው። የ1761ዱ ልኬት የተዝረከረከ እንደነበር እውነት ነው፤ የፀሐይ ፓራላክስ (ርቀቷ የሚሰላበት ማዕዘን) ከ8.28 እስከ 10.6 የማዕዘን ሰከንድ ድረስ ተበታትኖ ወጣ። ምክንያቱ ግን የአንድ ሰው መቅረት አይደለም። የየቦታው ኬንትሮስ በደንብ አለመታወቁ አንዱ ሲሆን፣ ሌላው ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው። ቬነስ የፀሐይን ጠርዝ ከውስጥ ስትነካ በንጽሕና አትለይም፤ ጥቁር አንገት አውጥታ፣ ልትወድቅ እንዳለች የቀለም ጠብታ ተጣብቃ ትቆያለች። «አሁን ለቀቀች» የሚባለው ቅጽበት በዚህ ምክንያት ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት ሰዎች መካከል እንኳ በብዙ ሰከንድ ይለያያል። በ1769 ታሂቲ ላይ የካፒቴን ኩክ ቡድን ጥርት ባለ ሰማይ ሥር የገጠመው ይኸው ነው። ቢሆንም የ1769ኙ ውጤት ከ8.43 እስከ 8.80 ጠበበ። ዛሬ የሚታወቀው 8.794 ነው፤ ይህም ወደ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይተረጎማል። ከሽፏል የሚባል ሥራ አይደለም። እድለ ቢስም ከተባለ፣ በባሃ ካሊፎርኒያ ትራንዚቱን በድንቅ ሁኔታ አይቶ በሁለት ወር ውስጥ በወረርሽኝ የሞተው ፈረንሳዊው የፈለክ ተመራማሪ ሻፕ ዶትሮሽም አለ፤ ጽሑፉ ስሙን አላነሣም።

መጨረሻ ላይ ጽሑፉ «እንዲህ ያለውን የኛ ትውልድ አላየም፣ አያይምም» ይላል። ግማሹ ስህተት ነው። ሰኔ 1 ቀን 1996 ዓ.ም. የቬነስ ትራንዚት ከኢትዮጵያ ሰማይ ከመግቢያ እስከ መውጫ ይታይ ነበር። ግንቦት 29 ቀን 2004 ዓ.ም. ደግሞ ፀሐይ ቬነስን ይዛ ወጥታ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ታይታለች፤ ልክ ለፖንዲሼሪ እንደታሰበው። ቀጣዩ የቬነስ ትራንዚት በ2117 እ.ኤ.አ. ስለሆነ እሱን መጠበቅ አይቻልም። የሜርኩሪ ግን ኅዳር 4 ቀን 2025 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ይጀምርና እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ በመላ ኢትዮጵያ ይታያል። ሜርኩሪ ከቬነስ አምስት ስድስት እጅ ያንሳል፤ በግርዶሽ መነጽር አይታይም፣ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል። የፀሐይ ማጣሪያው የሚታሰረው በቴሌስኮፑ የፊት አፍ ላይ ነው። ዐይን በሚደገፍበት በኩል የሚገጠመው ትንሽ ማጣሪያ የተሰበሰበውን ሙቀት ስለሚቀበል በድንገት ይሰነጠቃል፣ ዐይንም አብሮ ይሄዳል። ጽሑፉ የመከረው የራጅ ፊልምም ብርሃኑን ያደበዝዛል እንጂ የማይታየውን ሙቀት አያግድም። ማጣሪያ ከሌለ ምስሉን ከቴሌስኮፑ ኋላ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ በተያዘ ነጭ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ይቻላል፤ በብርጭቆ ሌንስ በተሠራ ትንሽ ቴሌስኮፕ ብቻ፣ ማንም ዐይኑን እንዳያስጠጋ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ።